የሐምሌ ቆሮሶ

ሰኔ 8፣ ሰኞ

ብርድ። የሱቁን የብረት ፍርግርግ በጠዋት የነካ ጣቱን ጥሎ ይሄዳል። የዳቦ መኪናው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ፤ ሰልፉ እስከ ታክሲ ማቆሚያው ደርሶ ነበር። ዱካሞ በር ላይ ቆሞ ሳኒታይዘር እየረጨ "ማስክ፣ ማማ፣ ማስክ" ሲል ዋለ። ድምፁ ጠፍቷል። ከሆሳዕና ድረስ እስከ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ መጥተህ ኦሬንጅ ፋርም ሱቅ በር ላይ ልትጮህ ነው እያልኩ ሳበሽቀው ዋልኩ። ሸሪኬ ባይሆን ይመታኝ ነበር።

ሚስቴ ፀገነት ዛሬም አልበላችም። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች፣ ሆዷ ገፍቷል፣ ፊቷ ግን ከስቷል። እንቁላል ጠበስኩላት፤ ሽታው አስጠላት። ፓፕ፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ አልኳት፤ ፊቷን አዞረች። እሺ ምንድን ነው የሚያምርሽ ብዬ ያዝኳት።

"ብነግርህ ከየት ታመጣዋለህ?"

"ንገሪኝ ብቻ።"

"አሳ። ጥሬውን። ሐዋሳ አሞራ ገደል እንደሚቆርጡት፣ ከዳጣ ጋር።"

ከዚያ ራሷ ሳቀች። ሰባት ዓመት ለብቻዬ ኖሬ ታኅሣሥ ላይ ነው የመጣችልኝ። ሦስት ወር እንደቆየች አገሩ ተዘጋ። ከሱቁና ከጓሮው ክፍል ሌላ ምን አየች? ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገች ልጅ... አሳ ቢያምራት ይፈረድባታል? ለእኔ ደግሞ አሳ ምን ይቸግረኛል? አባቴ ታንኳ የነበረው ሰው ነው።

ሰኔ 11፣ ሐሙስ

ከሱፐርማርኬቱ የቀዘቀዘ አሳ ገዛሁ። በረዶው እስኪለቅ ጠበቅን። አንዴ አሸተተችና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። "ይሄ ከሞተ ቆይቷል።" እውነቷን ነው። ጥሬውን የሚበላ አሳ ከውሃ ወጥቶ ገና ሲንፈራገጥ ነው የሚቆረጠው።

እናቷ እማማ በለጥሽ ከሐዋሳ ደወሉ። "ልጄ፣ አምሮቷን እንዳትነፍጋት። የልጁ ገላ ላይ ምልክት ሆኖ ይወጣል።" እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ፓስተራችንም አያምንም። ግን... ማን ያውቃል?

የግድቡ ዘበኛ ንታቴ ሞፎኬንግ ሻይና ሻማ ሊገዛ መጥቶ ነበር። ሽማግሌ ነው፤ ንታቴ በእነሱ ቋንቋ አባባ እንደማለት ነው። መጀመሪያ ሲጋራ ጠየቀኝ፤ በሎክዳውኑ መሸጥ ክልክል መሆኑን እያወቀ ሁልጊዜ ይጠይቃል። የሚጠብቀው ግድብ በባኪ፣ በፒክአፕ መኪናችን፣ ግማሽ ሰዓት ነው። የአሳ አጥማጆች ክለብ ነው፣ ከሎክዳውኑ ጀምሮ ዝግ። ትራውት የሚሉት አሳ ጨምረውበታል አለ። ትራውት... እኛም አገር ባሌ ወንዞች ውስጥ አለ ሲባል ሰምቻለሁ፣ በዓይኔ ግን አላየሁም።

"ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ አሳ አምሯታል" አልኩት።

"ታዲያ ግባና አጥምድላት። አንድ ሁለት አሳ ማን ይቆጥራል?"

ሰኔ 14፣ እሑድ

በዙም ከሚደረገው አምልኮ በፊት ግድቡ ደርሼ ተመለስኩ። ባዶ እጄን።

የውሃው ዳር በረዶ ሠርቷል። ስስ ነው፤ ተረከዜ ሥር ተሰባበረ። ከማቀዝቀዣ ውጭ ውሃ በረዶ ሆኖ ሳይ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር እንዴት ይኖራል?

ቦታ የመረጥኩት አባቴ እንዳስተማረኝ ነው፤ ሸምበቆ ያለበት፣ ጥልቀት የሌለው፣ ፀሐይ የሚያገኘው። አሳ ሣር ውስጥ ነው የሚውለው። ማባበያዬ ፓፕ፣ በስኳር ለውሼ እንደ ሽምብራ ያድቦለቦልኩት። እሱን አልነካ ሲሉ ፖሎኒ የሚሉት ቋሊማ። ቀጥሎ ዳቦ። ክሩ ንቅንቅ አላለም። መንጠቆ መያዝ እስኪያቅተኝ ጣቴ ደነዘዘ።

ፀገነት በር ላይ ጠበቀችኝ። "ዋናው በሰላም መምጣትህ ነው" አለች። ከብርዱ ይልቅ ያ አናደደኝ።

ሰኔ 16፣ ማክሰኞ

ንታቴ ሞፎኬንግ መጣ። የት እንዳጠመድኩ ነገርኩት። እስኪያስለው ሳቀ፤ ሲያስል ሰልፈኛው ሁሉ ሁለት እርምጃ ሸሸው።

"ማይ ፍሬንድ፣ ሸምበቆ ለበጋ ነው። አሁን ግድግዳው ሥር፣ ጥልቁ ጋ ሂድ። ትራውት ብርድ ይወዳል። ንጹሕ ውሃ ይወዳል። የቆሸሸ ውሃ ውስጥ አንድ ቀን አያድርም። ትራውት የያዝክበትን ውሃ ራስህ ብትጠጣው አትታመምም።"

"ማባበያስ?"

"ትል። ትንሽ ትል፣ ትንሽ መንጠቆ። ፓፕህን ራስህ ብላው።"

የአሳ ነገር ለእኔ ይነገረኛል? ግን ሰማሁት። ትሉ ግን ከየት ይምጣ፤ መሬቱ በድርቅ ድንጋይ ሆኗል። የጓሮው ቧንቧ የሚንጠባጠብበትን ቆፍሬ አሥራ አንድ ለቀምኩ። ከአፈር ጋር ማርጋሪን ዕቃ ውስጥ አደረግኋቸው። ዱካሞ አጎንብሶ አየና "አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" አለኝ። የሱ ነገር መቼም።

ሰኔ 20፣ ቅዳሜ

ያዝኩ።

ግድግዳው ሥር ነበርኩ፣ ፀሐይ ውሃውን ልትነካ ስትል። ክሩን የሚያሰምጠውን የእርሳስ ክብደት ቀነስኩ፣ ትሉን ከታች ሁለት ክንድ ያህል ከፍ አደረግኩት። ክሩ አንዴ ነዘረ። ቆመ። ዕድሌ ነው ብዬ ልጠቀልል ስል ይዞት ሄደ። ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር አለው፣ ጀርባው ነጠብጣብ ነው። ክንድ አይሞላም። ባልዲ ውስጥ ከነነፍሱ ይዤው በረርኩ።

ቢላዋ ሳልኩ። ቆዳውን ገፈፍኩ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ላጥኩ። እጄ አልረሳም። ሥጋው ነጭ አይደለም፣ ወደ ብርቱካን ያደላል። ፀገነት ተጠራጥራ አየችው፤ ከዚያ ዳጣ አስነክታ ጎረሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ሙሉውን በላች። ጨርሳ ስታበቃ አለቀሰች።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ጥሩ ነው።"

ዱካሞ ጥሬ ሥጋ ሲያገኝ ማንም አይቀድመውም፤ አሳውን ግን አልነካም አለ። "እሳት ያላየ አሳ እኔ አፍ አይገባም። አሳ መብላት በብልሃት ነው።" ፈሪ አልኩት።

ሰባት ዓመት በስልክ ነበር የማውቃት። በላሽ ወይ፣ በላሁ። ዛሬ እኔ ይዤው የገባሁትን በላችልኝ። እንዲህ ደስ ያለኝ መቼ ነበር?

ሰኔ 23፣ ማክሰኞ

ምንም።

ሰኔ 27፣ ቅዳሜ

ዛሬም ምንም። ትል አልሆነም። ቢጫ አይብ ጠፍጥፌ ሞከርኩ። የቆርቆሮ በቆሎ። የዶሮ ጉበት። ከሱቁ ያልወሰድኩት ነገር ጨውና ሳሙና ነው። ግድግዳው ሥር ሦስት ቦታ ቀያየርኩ። የሉም። ወዴት ሄዱ?

ስመለስ በምሥራቁ በኩል ሁለት ትራውት ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ሲንሳፈፉ አየሁ። ብርዱ ገድሏቸው ይሆናል። ግን ብርድ ይወዳሉ አላለም?

ንታቴ ሞፎኬንግን ልጠይቀው ብዬ ነበር፣ ቤቱ ተቆልፏል። እህቱ በኮሮና ሞታበት ወደ ፍሪ ስቴት ክፍለ ሀገር ሄዷል አሉ። ዋናው በርም ዝግ ነው። የገባሁት በአጥሩ ቀዳዳ ነው። እሱ ሲኖር እንግዳ ነበርኩ... አሁን ምን ልባል ነው?

ሐምሌ 1፣ ረቡዕ

ዛሬ ግድቡን ዞሬ ወደ ምሥራቁ ዳር ሄድኩ። ለምን እስከ ዛሬ አልሄድኩም?

ሌላው ዳር ሁሉ በረዶ ነው። እዚያ የለም። ውሃው ላይ እንፋሎት ይነሳል። አገሩ በሙሉ ደርቆ እዚያ ብቻ ሣሩ አረንጓዴ ነው። ከማዶ፣ አዲስ ቤቶች ከተሠሩበት በኩል አንድ ቦይ ይገባል። እጄን ከተትኩበት፤ ለብ ያለ ነው። ፍል ውሃ ይሆን?

ፓፑን ጣልኩ። ሰምጦ ሳያበቃ ያዘ። ቆሮሶ! ሐዋሳ የማውቀው ቆሮሶ፣ ያው ክንፉ፣ ያው አፉ። እዚህ ኩርፐር ይሉታል፤ በብርድ አይገኝም ሲሉኝ ነበር። አይገኝም? ሰባት አወጣሁ። ከባልዲው ዙሪያ ስዘል ሰው ቢያየኝ አብዷል ይለኝ ነበር። ጓጉተው ትል የሚቆፍሩ ይቆፍሩ፤ እኔ በአባቴ ማባበያ የአባቴን አሳ አወጣሁ።

ትንሽ ይሸታል። የረግረግ ሽታ ነው። የሐዋሳስ ዳር አይሸትም? የከብት ኮቴ ቦዩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ታጥፎ ተመልሷል። ምን እንዳባረራቸው እንጃ።

ቆርጬ አቀረብኩ። እኔም በላሁ። ፀገነት ቁራጩን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ቆየች፣ ከዚያ ወደ እኔ አየች፣ ጎረሰች።

"እንደ አገር ቤት ነው?"

"እንደ አገር ቤት ነው።"

ሐምሌ 4፣ ቅዳሜ

አምስት ቆሮሶ። ትልልቅ። ዳጣውን ዛሬ እኔ ወቀጥኩት። ፀገነት አራት ቁራጭ በላች። ሕፃኑ ሲራገጥ እጄን ይዛ አስነካችኝ። "አሳ አጥማጅ ነው" አልኳት። ምናልባት ሴት ናት አለች።

ሆዴን ትንሽ ቆርጦኝ ዋለ። ብርዱ ነው።

ሐምሌ 6፣ ሰኞ

ሰዓት እላፊው ተመለሰ። ከትናንት ጀምሮ ሰው ሁሉ በኮሮና ስለሞተ ሰው ነው የሚያወራው። ከሱቃችን ፊት ያለው መንገድ ላይ በአንድ ሳምንት ሦስት ድንኳን ተተከለ።

ንታቴ ሞፎኬንግ ተመልሷል። አንገቱ ቀጥኗል። ስለ እህቱ ሐዘኔን ነገርኩት፣ አመሰገነኝ። ከዚያ "ሚስትህ አሳዋን አገኘች?" አለ።

"ብዙ። ኩርፐር።"

ሻዩን ቦርሳው ውስጥ ሊከት የነበረው እጁ ቆመ። "በጁላይ? ኩርፐር? ከየት?"

ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ቦታዬን እንዳይነጥቁኝ ይሆን? "ከግድግዳው ሥር" አልኩ።

ትክ ብሎ አየኝ። "ከግድግዳው ሥር ከሆነ ጥሩ። በቦዩ በኩል እንዳትጠጋ። ከማዶ የሽንት ቤቱ ፓምፕ ተበላሽቶ ሁሉም ወደ ቦዩ ነው የሚፈሰው። ከብት እንኳ አይጠጣውም።"

እሺ አልኩ። ሌላ ሰው ዳቦ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁ። መልስ ተሳሳትኩ።

አንዴ አልፏል። ሁለት ቀን በልታለች። ምን ሆነች? ምንም። እኔስ ምን ሆንኩ? አሳ በውሃ ይኖራል፣ በውሃ ይታጠባል፣ ቆዳው ይገፈፋል... እየተከራከርኩ ያለሁት ከማን ጋር ነው?

ሐምሌ 8፣ ረቡዕ

ግድግዳው ሥር ቆየሁ። እስከ ረፋድ። አንድም ትራውት የለም።

ባዶ እጄን ልመለስ ነበር። ጠዋት ስወጣ "ዛሬስ አሳ አለ?" ብላ ስቃ ነው የሸኘችኝ። ከቦዩ ሦስት ብቻ ይዤ ተመለስኩ። በጨው ደጋግሜ አጠብኩት። በሎሚ አሸሁት። ታዲያ ንጹሕ ነው ካልኩ ያን ሁሉ ለምን አጠብኩት?

በላች። እኔ አልራበኝም አልኩ።

ሐምሌ 12፣ እሑድ

ፀገነት ትኩሳት አላት። ራሷን ያማታል፣ መገጣጠሚያዋን ይቆረጥማታል። ሆዷም ተበላሽቷል። ጥቂት ትስላለች።

ዱካሞ ከበሩ ማዶ ሆኖ "ኮሮና ነው፣ ወንድሜ" አለኝ። ሱቁን እሱ ያዘው፣ እኛ ክፍላችን ገባን። ፓስተሩ በስልክ ጸለየልን። እማማ በለጥሽ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በማር አሉ። ሁሉም ኮሮና ነው አሉ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ኮሮና በሆነ ብዬ ጸለይኩ።

ሐምሌ 14፣ ማክሰኞ

ሌሊቱን ሲያቃጥላት አነጋች። ጠዋት በባኪው ወደ ሆስፒታል ወሰድኳት። ከበሩ አላሳለፉኝም። በተሽከርካሪ ወንበር ሲያስገቧት ዞራ አየችኝ፤ ማስኩ ስላለ ፊቷን አላየሁም፣ ዓይኗን ብቻ።

አንዲት ዶክተር መጣች፣ ከእግር እስከ ራሷ ፕላስቲክ ለብሳለች። በአጥሩ በኩል ነው ያወራነው። ትስላለች? ጥቂት። ከታመመ ሰው ጋር ተገናኝታለች? ሱቅ ነው ያለን፣ የማንገናኘው ሰው የለም። ስንት ወሯ ነው? ሰባተኛ ወሯን ይዛለች።

"በዚህ ሁለት ሳምንት ምን በላች? ጥሬ ነገር? ያልፈላ ወተት?"

"ዶሮ" አልኩ። "ፓፕና ዶሮ።"

ጻፈችው።

ሐምሌ 15፣ ረቡዕ

ለምን ዶሮ አልኩ?

ግድቡ ዝግ ነው፣ በአጥር ቀዳዳ ነው የገባሁት። የፀገነት የመኖሪያ ወረቀት ጊዜው ካለፈ ወራት ሆነው፤ ቢሮው ስላልተከፈተ አላሳደስንም። ፖሊስ ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ወረቀት ነው። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ያን ጊዜ አፌን የያዘው ይሄ አልነበረም። ጥሬ አሳ በላች ስል የዶክተሯ ዓይን ምን እንደሚሆን ታየኝ። አፈርኩ። በቃ፣ አፈርኩ።

ደወልኩ። ኮቪድ ክፍል ናት፣ ውጤት እየጠበቅን ነው አሉኝ። ስልኳ አይነሳም።

ሐምሌ 16፣ ሐሙስ

ውጤት አልደረሰም። ሰዉ በዝቷል፣ ታገሥ አሉኝ። ዛሬ መናገር እችል ነበር። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ነገ እነግራቸዋለሁ። ውጤቱ ኮሮና ካለ ደግሞ ምን ያስነግረኛል?

ዱካሞ ሾርባ በር ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። አልበላሁትም።

ሐምሌ 17፣ ዓርብ

ዶክተሯ ራሷ ደወለች። ኮቪድ አይደለም። ትኩሳቱ አልወረደም። የልጁ ልብ ምት አላማረኝም አለች። "ምናልባት የረሳኸው ነገር ካለ..."

ነገርኳት። ግድቡን፣ ቦዩን፣ ሦስት ቀን መብላቷን። ጥሬውን መሆኑን። እንግሊዝኛዬ ተሰባበረ።  

"ሚስተር ሽጉጤ፣ ማክሰኞ ለምን አልነገርከኝም?"

ይቅርታ ብቻ አልኳት።

"እሷንም ጠይቄያት ነበር። በስልክ አስተርጓሚ አግኝተን፣ ሁለት ጊዜ። ዶሮ ነው ያለችው። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ስትሉ አመንኩ። አሁን መድኃኒቱን እንቀይራለን።"

አልተማከርንም። እምላለሁ አልተማከርንም። ፀገነት ከየት አመጣችው?

ሐምሌ 18፣ ቅዳሜ

ሴት ልጅ ነበረች። አልተነፈሰችም።

ፀገነት ትተርፋለች አሉኝ።

ሐምሌ 21፣ ማክሰኞ

ቀበርናት። እኔ፣ ዱካሞ፣ ፓስተሩና ሁለት ወንድሞች። እናቷ ፀገነት የለችም፤ ከአልጋ አልወረደችም። ሳጥኑን ለብቻዬ ነው የተሸከምኩት፣ ሁለተኛ ሰው አያስፈልገውም ነበር።

ፓስተሩ "ይህ ክፉ ወረርሽኝ" እያለ ጸለየ። ዱካሞ አቅፎኝ "ኮሮና ስንቱን ወሰደ" አለ። እማማ በለጥሽ በስልክ ኮሮናን ረገሙ። ሁሉም ኮሮና አሉ። እኔ ዝም አልኩ። ቀላል ነበር፤ ማስኩን ትንሽ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው።

ሐምሌ 29፣ ረቡዕ

ፀገነት ቤት ገባች። ክብደቷ የልጅ ነው። እኔ ሾርባ እሠራለሁ፣ እሷ ትጠጣለች፣ አመሰግናለሁ ትለኛለች። እንደ እንግዳ ነው የምታመሰግነኝ።

እሷም ዶሮ ማለቷን እንደማውቅ አልነገርኳትም። እሷም አትናገርም። ሁለታችን በአንዲት ክፍል ውስጥ ስለዶሮ ዝም ብለን እንኖራለን።

ነሐሴ 20፣ ረቡዕ

ሲጋራ ተፈቀደ። ንታቴ ሞፎኬንግ መጥቶ አንድ ገዛ። ውጭ ቆሞ አጨሰው። ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ፣ ልነግረው ብዬ።

"ከቦዩ ነበር፣ አይደል?" አለኝ።

"ከቦዩ ነበር።"

ሲጋራውን እስኪጨርስ አብሮኝ ቆመ። አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻል ነበር።

መስከረም 17፣ እሑድ

ሙቀት ገብቷል። ዛፉ ሁሉ አብቧል። ፀገነት ከአምልኮው በኋላ ጫማዋን አድርጋ ባኪው አጠገብ ቆማ አገኘኋት።

"ቦታውን አሳየኝ" አለች።

 ንታቴ ሞፎኬንግ በሩን ከፈተልን፣ ኮፍያውን አውልቆ ሰላም አላት። ግድግዳው ሥር አቆምኩና "ትራውቱ እዚህ ነው የተያዘው" አልኩ። አልቆመችም። ዳሩን ይዛ ወደ ምሥራቅ ሄደች፣ ማን እንደመራት አላውቅም። ቦዩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"እዚህ ነው?"

"እዚህ ነው።"

ማስኳን ዝቅ አድርጋ በረዥሙ አሸተተች። "አሳው ላይ ይሄ ሽታ ነበረ። ልብስህም ላይ።"

 ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። "እያወቅሽ... ታዲያ ለምን በላሽ?"

"እንደዚህ ነው ብዬ አላወቅኩም። ሽታው ግን ደስ አላለኝም።" ወደ ቦዩ ዞረች። "አምሮቱ በመጀመሪያው አሳ ወጥቶልኝ ነበር። አንተ ግን ባልዲውን ይዘህ ስትገባ ፊትህ... እዚህ አገር ከመጣሁ እንደዚያ ሆነህ አይቼህ አላውቅም። ሁልጊዜ ፍርግርግ ውስጥ ነው የማይህ። አልፈልግም ልልህ አቃተኝ።"

አለቀስኩ። በቀብሩ ያላለቀስኩትን ሁሉ።

"ዶሮ ያልሽውስ?"

"በአጥር ቀዳዳ እንደምትገባ ነግረኸኝ የለ። ቢያስሩህ ማን አለኝ?"

"እኔም አንቺን ወደ አገር ይልኩብኛል ብዬ። አፍሬም ነው።"

ራሷን ነቀነቀች። እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። "ለእናቴ ግን እኔ ነኝ የምነግራት። ኮሮናን ስትረግም መስማት ሰለቸኝ።"

ከቦዩ ማዶ አንድ ሰውዬና ሚስቱ ብርድ ልብስ አንጥፈው ያጠምዳሉ። ደንበኞቻችን አይደሉም፣ አላውቃቸውም። ባልዲያቸው ሊሞላ ምንም አልቀረው። ቆሮሶ ነው። ሰውዬው ሰላምታ ሊሰጠኝ እጁን አንስቶ "ሳውቦና፣ ማይ ፍሬንድ" አለኝ። ምን ያህል እንደያዘ ሊያሳየኝ ባልዲውን አዘነበለው። ደስ ብሎታል። ያን ደስታ አውቀዋለሁ።

ተነሥቼ ተሻገርኩ። ፀገነት ተከተለችኝ። ከደንበኛ የለቀምኩትን ዙሉ ከእንግሊዝኛ እየቀላቀልኩ ነገርኩት። ይሄ ውሃ ከሽንት ቤት ነው የሚመጣው። ሚስቴ ይህችው ናት። ከዚህ አሳ በላች፣ ያመጣሁላት እኔ ነኝ፣ ልጃችን ሞተች። ኮሮና አይደለም። ሙሉውን ለሰው አፍ አውጥቼ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

ሰውዬው ማስኩን አስተካከለ፣ ሚስቱን አየ። "ሶሪ፣ ማይ ፍሬንድ። በጣም ሶሪ።" ከዚያ ግራ ተጋብቶ ወደ ባልዲው አየ። "ግን እኛ ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምንበላው። ዘይት ውስጥ በደንብ እንጠብሰዋለን። አሳ ጥሬውን ማን ይበላል?"

"ምን አለ?" አለች ፀገነት።

ተረጎምኩላት። ሰውዬውን አላየችም፣ ባልዲው ውስጥ የሚንፈራገጡትን ነበር የምታየው።

"እኛ በለው" አለችኝ።

አልኩት።